ማገጥ የሌለበት ሒሳብ

ወተት ተወደደ የሚለው ምሬት ዓመቱን ሙሉ የሚሰማ ሆኗል። ቀድሞ ዐቢይ ጾም ሲገባ ገበያው ይረግባል፣ ፋሲካ ሲቃረብ ቅቤው ይሰቀላል እየተባለ ወቅት ይቆጠርለት ነበር፤ አሁን ሸማቹ መቁጠሩንም ትቷል። ሸማቹ ነጋዴውን ይወቅሳል፣ ነጋዴው አርቢውን፣ አርቢው ፉርሽካና ፋጉሎ አቅራቢውን፤ አቅራቢው ደግሞ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የሆነውን ይጠቅሳል። ሁሉም የየድርሻውን እውነት ይዟል። ሆኖም ወቀሳው የሚሽከረከረው በፋብሪካ ተረፈ ምርት ዙሪያ ብቻ ነው። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የናሙና ጥናቶች እንደሚሉት ግን የአገሪቱ ከብት ከሚበላው ከግማሽ በላዩ ግጦሽ፣ ሲሶ የሚጠጋው የእህል ገለባ ነው፤ ፉርሽካና ፋጉሎ ጥቂት በመቶ ብቻ ይይዛሉ፣ የተሻሻለ የሚባለው የመኖ ሰብል 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሁላችንም የምንከራከረው ስለ ጥቂቱ ነው፤ ስለ ትልቁ ድርሻ ስለ ግጦሹ የሚናገር የለም።

ግጦሹ ሲነሳም የሚሰጠው ማብራሪያ የተሳሳተ ነው። የከብት መኖ አነሰ ይባላል፣ ስንት ሚሊዮን ቶን እንደጎደለ ይሰላል፣ ከዚያ ገለባ ይሰብሰብ፣ ድርቆሽ ይከዘን የሚል መፍትሔ ይከተላል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የኢትዮጵያ የመኖ ሚዛን ጥናት ላይ ያሉት ሦስት ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢነበቡ ይህ አስተሳሰብ አይቆምም። በደረቅ ክብደት ሲለካ የአገሪቱ የመኖ ጉድለት 9 በመቶ ነው። በኃይል ሲለካ 45፣ በፕሮቲን ሲለካ ደግሞ 42 በመቶ ይሆናል። ከብቱ ሆዱን የሚሞላበት ነገር ያጣው በትንሹ ነው፤ ከሚሞላበት ነገር የሚያገኘው ግን ከሚያስፈልገው ግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። (እነዚህን ቁጥሮችም ቢሆን በጥርጣሬ መያዝ ይበጃል። የከብቱ ቁጥር ራሱ 70 ሚሊዮን የሚባለው በናሙና ተገምቶ ነው። የወተቱም ሒሳብ 15 ሚሊዮን ገደማ የሚታለቡ ላሞች፣ በቀን 1.5 ሊትር የሚጠጋ አማካይ እና የ7 ወር የአለባ ጊዜ ተባዝተው የሚወጣ ነው፤ በአማካዩ ላይ 0.1 ሊትር ከተጨመረ ከ300 ሚሊዮን ሊትር በላይ ከወረቀቱ ላይ ይታለባል። በሪፖርት የሚነገረው የወተት ዕድገትና በሱቅ የሚታየው ዋጋ ለምን እንደማይተዋወቁ የሚገርመው ይህን ልብ ይበል።) የመኖ ሚዛኑ ፍጹም ቁጥር ቢያጠራጥርም፣ በ9 እና በ42 መካከል ያለው ርቀት በቆጠራ ስህተት ብቻ የሚመጣ አይደለም።

ይህ ርቀት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ፕሮቲን ለላም ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙዎች የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው። በተለምዶ ፕሮቲን ወተት ለመጨመር የሚሰጥ ማባያ ተደርጎ ይታሰባል፤ ገለባው ያጠግባል፣ ፋጉሎው ያሳልባል። እውነቱ ሌላ ነው። ገለባውን የሚፈጩት በላሟ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ ላሟ የምትኖረው እነሱ አብላልተው በሚለቁት ነው። እነሱ ለመራባት ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፤ የሚያገኙትም በአብዛኛው ከመኖው ፕሮቲን ነው። የመኖው ፕሮቲን ከ7 በመቶ ገደማ ሲወርድ ይመነምናሉ፣ ገለባውም ሳይፈጭ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል። የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ ገለባ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። ስለዚህ ላሟ በሞላ ገበታ ፊት ቆማ መብላት ታቆማለች፤ ጨጓራዋ ሞልቷል፣ እሷ ግን ተርባለች። ጥሬ ዕቃ ተከምሮለት ሠራተኛ ያጣ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ቢጨመርለት ምርቱ አይጨምርም፤ ለዚህች ላም ሌላ ሸክም ገለባ ማምጣትም እንዲያ ነው።

በቁጥር እንየው። 250 ኪሎ የምትመዝን የአገር ዝርያ ላም 4 በመቶ ፕሮቲን ያለው ገለባ በቀን 4 ኪሎ በላች እንበል፤ ያገኘችው ፕሮቲን 160 ግራም ነው። አሁን 18 በመቶ ፕሮቲን ያለው 1 ኪሎ የማገጥ (ክሎቨር) ድርቆሽ ጨምሩላት። ጠቅላላው 340 ግራም ይሆናል፣ የአጠቃላይ መኖዋ ፕሮቲንም ወደ 6.8 በመቶ ከፍ ብሎ ደጃፉ ላይ ይደርሳል። የዚህ ትርፍ በ1 ኪሎው ማገጥ ብቻ አይለካም፤ ቀድሞ አልፈጭ ብሎ የቆየው ገለባም መፈጨት ይጀምራል፣ ላሟም ከ4 ኪሎ በላይ መብላት ትችላለች። በኢኮኖሚ ቋንቋ የመጨረሻው ኪሎ ፕሮቲን ዋጋ በራሱ ብቻ አይተመንም፤ ሞቶ የነበረውን የገለባ ክምችት ዋጋ ያስነሳል። መኖን በኩንታል ዋጋ እያነጻጸሩ ይህ ረከሰ፣ ያ ተወደደ ማለት ይህን ጭማሪ ስለማያይ ነው የሚያሳስተው። እዚህ ላይ የኃይሉ ጉድለትም 45 በመቶ አይደለም ወይ፣ ለምን ፕሮቲኑን ብቻ ታነሳለህ የሚል ተገቢ ጥያቄ ይመጣል። መልሱ ከፊል ነው። በገለባው ውስጥ የተቆለፈው ኃይል ከፊሉ የሚፈታው ፕሮቲን ሲገኝ ነው፤ ማገጥም ራሱ ከገለባ በተሻለ የሚፈጭ በመሆኑ ኃይል ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ተደምረው ጉድለቱን ሙሉ በሙሉ አይዘጉም፤ ግን ከየትኛው እንጀምር ለሚለው ከፕሮቲኑ የሚል መልስ ይሰጣሉ።

ታዲያ ፕሮቲኑ ከየት ይምጣ? ፋጉሎ በፕሮቲን ማገጥን ይበልጠዋል፣ ፉርሽካም ይቀራረበዋል፤ ነገር ግን የሁለቱ አቅርቦት የታሰረው በዘይት መጭመቂያውና በዱቄት ፋብሪካው ሥራ ላይ ነው። ማገጥ ግን የአተርና የባቄላ ዘመድ ነው፤ በሥሩ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳል። የኢትዮጵያ ደጋ ከ20 በላይ የማገጥ ዝርያዎች መኖሪያ ነው፤ አንዳንዶቹ በሌላ አገር አይገኙም። በክረምት ውኃ የሚተኛበትን ዋልካ መሬት የሚችሉም አሉ። ሥራውም ማረስን አይጠይቅም፦ በበጋው መጨረሻ ነባሩ ሳር በደንብ ይጋጣል ወይም ይታጨዳል፣ ላዩ ይጫጫራል፣ ክረምቱ ሲገባ የማገጥና እንደ ፋላሪስ ያለ ደጋ የሚወድ ሳር ዘር በሄክታር ጥቂት ኪሎ ይበተናል፣ ከብት ረግጦት ይወጣና እስኪያድግ ይከለላል። መሬት የለም፣ ግጦሹ እየታረሰ ነው ለሚለው ተቃውሞም መልሱ ይኸው ነው፤ የሚጠየቀው ያለውን ሳር ማሻሻል እንጂ አዲስ ማሳ አይደለም። አንድ ሄክታር ማገጥ በዓመት 50 ኪሎ ናይትሮጅን ከአየር ወሰደ እንበል፤ ይህን ያህል በዩሪያ ለመተካት 1 ኩንታል ሞልቶ ትንሽ ያልፋል። ማገጡ ግን በዚያው ክረምት ለጎረቤቱ ሳር ያካፍላል የሚለው የባለሙያ ማግባቢያ የተጋነነ ነው። ናይትሮጅኑ ወደ ሳሩ የሚሻገረው በአብዛኛው ሥርና ቅጠል ሲበሰብስ፣ በከብቱ ሽንትና እበትም በኩል ነው። የመጀመሪያው ዓመት ትርፍ ላሟ በምትበላው ፕሮቲን ነው፤ የሳሩ ድርሻ ዘግይቶ ይመጣል፤ እበቱ ኩበት ሆኖ ከነደደ ደግሞ ከድርሻው ትልቁ ክፍል ይቀራል።

ይህ ሁሉ በነጻ አይገኝም። ማገጥ ናይትሮጅንን ከአየር ቢያገኝም ፎስፈረስን ከአፈር ነው የሚያገኘው፤ የደጋው አፈር ደግሞ በፎስፈረስ ደሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመውና ዛሬ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) አካል የሆነው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል (ኢልካ) በ1980ዎቹ በደጋው ዋልካ መሬት ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች ነባሩ ማገጥ ፎስፈረስ ሲያገኝ ምርቱ በእጅጉ እንደሚጨምር አሳይቷል። የኒው ዚላንድ ታሪክም ይህንኑ ይናገራል። የዚያች አገር የወተት ሀብት ለአሥርት ዓመታት የቆመው በሳርና በነጭ ማገጥ ድብልቅ ላይ ነው፤ ዩሪያ በብዛት የገባው ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው። ግን ማገጡን ያኖረው ፎስፌት ነበር፤ ከ1949 ጀምሮ ወደ ኮረብታው በአውሮፕላን ይበተን ነበር፣ የፎስፌቱ ድንጋይ ትልቅ ምንጭም ናውሩ የምትባለው ደሴት ነበረች። ፎስፌት ለእኛም ከውጭ የሚገዛ ስለሆነ ማገጥ ዶላር አይጠይቅም የሚል ሰው አይታመን፤ ያነሰ ዶላር ይጠይቃል ማለት ይበቃል። እንዲያውም ለሰብል በሚመጣው ናይትሮጅን በበዛበት ማዳበሪያ ግጦሹን ማድለብ ሳሩን አበርትቶ ማገጡን ያስውጠዋል። የእኛ የማዳበሪያ ግዥ ግጦሽን በሒሳብ ስለማያስገባ ፎስፈረስን ለብቻው ፈልጎ የሚያገኝ አርቢ ብርቅ ነው።

እውቀቱ ከ40 ዓመት በፊት ከነበረ ለምን አልተስፋፋም? የተለመደው መልስ ግንዛቤ የለም የሚል ነው፤ በዚህ መልስ አላምንም። በደርግ መጨረሻ ዓመታት የነበረው አራተኛው የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት በግጦሽ ላይ ዘር መበተንን ከስልቶቹ አንዱ አድርጎ አስተምሮበታል፤ ከዚያ ወዲህም ሥልጠና አልተቋረጠም። ምክንያቱን ከገበያው መፈለግ ይሻላል። የሱሉልታን፣ የሰንዳፋን ወይም የሸኖን ድርቆሽ አዲስ አበባ የሚገዛው በእስር ቆጥሮ ነው። እስሩ ውስጥ 4 በመቶም ይኑር 12 በመቶ ፕሮቲን ዋጋው ያው ነው። ሻጩ እንዲህ ባለ ገበያ ብልህ ከሆነ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ሳሩ ቁመት እስኪጨርስ ይጠብቃል፣ አብቦ፣ ዘሩን አርግፎና ደርቆ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ ያጭዳል። እስሩ ይበዛለታል፣ ፕሮቲኑ ወርዷል። ማገጡ ደግሞ ቀድሞ አብቦ ቅጠሉ የሚረግፍ ስለሆነ ከዘገየው አጨዳ አገዳው ብቻ ይተርፋል። በዚህ ዋጋ ማገጥ የሚዘራ ባለ ሳር ለገዥው ስጦታ ሰጪ ነው። ገዥው በበኩሉ ድርቆሹ ፕሮቲን ስለሌለው ፉርሽካ ይጨምርበታል፤ ፉርሽካው ሲወደድ ዋጋውን ወተቱ ላይ ያወርዳል። ጥፋቱ የደላላው ነው የሚለው ክስ ይህን አያይም፤ ደላላው ቢጠፋ እንኳ እስሩ በቁጥር እስከተሸጠ ድረስ ማገጥ የሚዘራ አይኖርም።

በወል ግጦሽ ላይ ችግሩ ይብሳል፤ ዘሪው አንድ፣ አጋጩ መንደሩ ሁሉ ነው። ለዚህ የሚሰጠው የወሉን መሬት ለግለሰብ አከፋፍሉ የሚል ምክር ከመሬት ሕጉም ከድሃው ጥገኝነትም ጋር ይጋጫል። ከብት እንዳይገባ ተከልሎ አጭዶ መካፈል በተራቆቱ ተዳፋቶች ላይ በብዙ ቦታ ተለምዷል፤ ማገጡን መጀመር ያለበት እንዲህ ዓይነት ድንበርና ደንብ ያለው መሬት ላይ ነው፣ ሜዳውን ሁሉ በአንዴ ላዳርስ የሚል ዘመቻ ዘሩን ያባክናል። ማገጥ ከብት ይነፋል የሚለው ስጋት እውነተኛ ነው፤ የተራበ ከብት ጠል ባልደረቀ ንጹህ ማገጥ ላይ ከተለቀቀ ሊሞት ይችላል። ሳር የበዛበት ድብልቅና ደርቆ የተሰጠ ማገጥ ግን ይህን አደጋ በጣም ይቀንሳል፤ ሳሩና ማገጡ አብረው የሚዘሩበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የድቅል ላሞቹ ነው። በቀን 15 እና 20 ሊትር የምትታለብ ላም በማገጥ ብቻ አትኖርም፣ የከተማው የታሸገ ወተትም በአብዛኛው ከእነሱ ነው የሚመጣው። ልክ ነው፤ የማገጥ ድርቆሽ ለእነሱ የፉርሽካውን ድርሻ ይቀንሳል እንጂ አይተካውም። የአገሪቱ ከብት ግን ከ95 በመቶ በላይ የአገር ዝርያ ነው፤ ዝርያ ማሻሻል ላይ የሚፈሰው ገንዘብም ድቅሏ ተወልዳ የምትበላው ያው 4 በመቶ ገለባ ከሆነ ትርፉ ሳይታይ ይቀራል።

ገበያው ቢስተካከል ውጤቱ ባጭሩ እንዲህ ይሆናል። ድርቆሽን በናሙና መርምሮ በፕሮቲኑ የሚከፍል አንድ ትልቅ ገዥ፣ የወተት ማቀነባበሪያ ወይም የአርቢዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ በአንድ አካባቢ ከጀመረ አጨዳው ወደ መስከረም ማለቂያ ይሳባል፣ የእስር ቁጥር ይቀንሳል፣ የእስር ዋጋ ይጨምራል፤ በመጀመሪያው ዓመት ድርቆሽ ተወደደ የሚል ጩኸት ይሰማል። የፉርሽካ ፍላጎት ጥቂት ይረግባል። በመስከረም የዘነበበት ድርቆሽ ስለሚበሰብስ ማድረቂያ ዳስ የሌለው አጫጅ ይጎዳል፣ ያለው ያተርፋል። የማገጥ ዘር ዛሬ በኩንታል የሚሸጥበት ገበያ ስለሌለ መጀመሪያ የሚወደደው እሱ ነው፤ ከሳር ሽያጭ ይልቅ ዘር ማባዛት የሚያዋጣባቸው ሁለት ሦስት ዓመታትም ይኖራሉ።