የኢኮኖሚክስ ዕውቀት ለንግድ ምን ይፈይዳል? የዶ/ር አሕመድ አን-ነጃር ተሞክሮ

በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን በኢኮኖሚክስ የሚመረቁ ሙስሊም ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹ ዲግሪያቸውን ይዘው ቅጥር ይጠብቃሉ። የአባታቸው ሱቅ ደግሞ በልምድና በግምት ይሠራል። ዕውቀቱና ንግዱ በአንድ ቤት እያደሩ አይተዋወቁም። ሁለቱ ሲገናኙ ምን ሊፈጠር እንደሚችል በአንድ ምሳሌ እንመልከት።

ገበያን ማወቅ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ባዶ እጃቸውን መዲና ሲገቡ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) የሀብታቸውን ግማሽ ሊያካፍሏቸው ፈለጉ። እርሳቸው ግን ዱዓ አድርገውላቸው ገበያው የት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። በቅቤና በደረቅ አይብ ጀምረው ከሶሓቦች ባለጸጎች አንዱ ለመሆን በቁ።

ከጀርመን ወደ ሚት ገምር

ግብፃዊው ዶ/ር አሕመድ አን-ነጃር ኢኮኖሚክስን የተማሩት በጀርመን ነው። እዚያም የአገሪቱን የቁጠባ ባንኮች አሠራር አጠኑ። እነዚህ ባንኮች የአካባቢውን ሰው ጥቃቅን ቁጠባ ሰብስበው እዚያው ላለው ሠራተኛ፣ ገበሬና ባለሙያ ያበድራሉ። የአካባቢው ገንዘብ መልሶ አካባቢውን ያለማል ማለት ነው።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን የገጠሩ ሕዝብ ከባንክ የራቀ ነበር። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ሕዝቡ ድሃ ስለሆነ አይቆጥብም ሊል ይችላል። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ሰዎቹ የማይጠቀሙት ገንዘብ ስለሌላቸው ነው ወይስ የቀረበላቸው አገልግሎት ስለማይስማማቸው? በዚያ ወለድን ሐራም ብሎ በሚሸሽ ማኅበረሰብ ውስጥ መልሱ ሁለተኛው ነበር።

ዶ/ር አን-ነጃር እ.ኤ.አ. በ1963 በናይል ዴልታ በምትገኘው ሚት ገምር ከተማ ወለድ የማይቀበልና የማይከፍል የቁጠባ ባንክ አቋቋሙ። ሦስት ዓይነት ሒሳብ ነበረው። በመጀመሪያው ማንኛውም ሰው ጥቂት ገንዘብ አስቀምጦ በፈለገ ጊዜ ያወጣል፤ ለሥራ የሚሆን አነስተኛ ብድርም ያለ ወለድ ያገኛል። በሁለተኛው የተቀመጠው ገንዘብ በንግድና በአምራች ሥራዎች ላይ ይውላል፤ ትርፉም ኪሳራውም ይጋራል። ሦስተኛው ዘካ የሚሰበሰብበትና ለሚገባቸው የሚከፋፈልበት ነበር።

ባንኩ “እስላማዊ” የሚል ስም አልያዘም። በዘመኑ የግብፅ ፖለቲካ እንዲህ ያለው ስም ጥርጣሬ ይጋብዝ ነበርና። ሕዝቡ ግን በአሠራሩ አወቀው፤ በአራት ዓመት ውስጥም ቅርንጫፎቹ ዘጠኝ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1967 መንግሥት ሥራውን ወደ ራሱ ባንኮች ቢያዞረውም ሐሳቡ አልቆመም። በ1971 በዚያው በግብፅ ናስር ማኅበራዊ ባንክ፣ በ1975 ደግሞ የዱባይ እስላማዊ ባንክ ተመሠረቱ። በኛ አገርም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑት ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀምረዋል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

የመጀመሪያው ትምህርት ያልተገለገለውን ሰው መፈለግ ነው። ሁሉም የሚሸጠውን ዕቃ ይዞ አጠገባቸው ሱቅ ከመክፈት በፊት “በዚህ ሰፈር ሰው ምን ፈልጎ ያጣል? ለምንስ አጣው?” ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው ትክክለኛውን ትርፍ ማወቅ ነው። አንድ ነጋዴ 100 ዕቃ እያንዳንዱን በ1,000 ብር ገዝቶ በ1,200 ብር ቢሸጥ 20,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ዕቃውን ለመተካት ወደ አከፋፋዩ ሲሄድ ዋጋው 1,500 ብር ቢሆንስ? በእጁ ያለው 120,000 ብር የሚገዛለት 80 ዕቃ ብቻ ነው። ደብተሩ አተረፈ ይላል፤ መደርደሪያው ግን ጎድሏል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና ብር ከተዳከመ በኋላ የውጭ ዕቃ የሚነግድ ሰው ይህን ሒሳብ ሊዘነጋው አይችልም። ዋጋ ስናወጣ የገዛንበትን ብቻ ሳይሆን የምንተካበትንም ማሰብ አለብን።

ይህ ሒሳብ ለዲናችንም ይጠቅማል። በብዙኃኑ ዑለሞች ዘንድ የንግድ ዕቃ ዘካ የሚሰላው በተገዛበት ሳይሆን ዘካው በሚወጣበት ቀን ባለው የገበያ ዋጋ ነው፤ ከዚያም ኒሷብ ከሞላ 2.5 በመቶ ይወጣል። ዕቃውን ቆጥሮ ዋጋውን የማያውቅ ነጋዴ ዘካውንም በግምት ለማውጣት ይገደዳል።

ሦስተኛው ከኪስ ያልወጣ ወጪን መቁጠር ነው። በራሱ ቤት የሚነግድ ሰው ኪራይ ስለማይከፍል ወጪ የሌለበት ይመስለዋል። ቤቱን ቢያከራየው 15,000 ብር የሚያስገኝለት ከሆነና ሱቁ ከዚያ በታች የሚያተርፍ ከሆነ ግን ንግዱን እየደጎመው ያለው ቤቱ ነው። የልጆቹ ጉልበትም እንዲሁ ነው።

አራተኛው ዕውቀት ብቻውን እንደማይበቃ ማወቅ ነው። ዶ/ር አን-ነጃር የጀርመኑን አሠራር እንዳለ ገልብጠው ቢያመጡት ኖሮ ወለዱንም አብረው ያመጡት ነበር። የተማሩትን ከሕዝቡ እምነት ጋር ስላስማሙት ግን ሕዝቡ ገንዘቡን በአደራ ሰጣቸው። አማና የሌለው ነጋዴ ዲግሪው ደንበኛ አያመጣለትም።

ስለዚህ ለተመራቂ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የምንለው፣ ቅጥር እስኪገኝ እጅ አጣጥፋችሁ አትቀመጡ ነው። የቤተሰባችሁ ሱቅ ካለ ለስድስት ወር የገባውንና የወጣውን መዝግቡ፤ የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደሚሸጥ፣ የትኛው ገንዘብ ይዞ እንደተቀመጠ፣ ዱቤው ስንት እንደደረሰ ለዩ። ሱቅ ከሌለ የአንድ ጎረቤት ነጋዴን ደብተር በመያዝ ጀምሩ። አባቶችና እናቶችም ለልጆቻችሁ ደብተሩን ክፈቱላቸው። እናንተ ገበያውን ታውቃላችሁ፣ እነርሱ ሒሳቡን ያውቃሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

አላህ በሐላሉ ያብቃቃን፤ በንግዳችንም በረካ ያድርግልን። አሚን።