ይሄ ዓሣ ዓሣ አይበላም

ዓሣ ማጥመድ ያማረኝ ሰሞን መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ዘንግ ነበር። ከውጭ የመጣ ዘመዴ በሻንጣው ይዞልኝ በቦሌ አየር ማረፊያ ገባ፤ ተጣጣፊ፣ ማጠንጠኛ የተገጠመለት፣ ከአንድ ሳጥን የሚያብለጨልጩ የብረት ዓሣዎች ጋር። እነዚህን የውሸት ዓሣዎች ውሃ ውስጥ ወርውሮ መሳብ ነው አሉ፤ እውነተኛው ዓሣ ምግብ መስሎት ይከተላቸዋል። ገርጂ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ዩቲዩብ ላይ አወራወሩን አጠናሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ቆሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋድ ወረወርኩ፣ ሳብኩ፣ ወረወርኩ። ምንም የለም።

ከእኔ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ተቀምጧል። ሸምበቆ ይዟል። ጫፉ ላይ የናይለን ክር አስሯል፣ ክሩ ላይ የጠርሙስ ቡሽ ሰክቷል፣ መንጠቆው ላይ በጣቱ የሚያድበለብላትን ሊጥ ያደርጋል። አራት ቆሮሶ አውጥቶ ሣር ላይ ደርድሯል። የእኔ ነገር ሲያሳዝነው ጊዜ ተነሥቶ መጣና ሳጥኔን አየት አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ዓሣ ዓሣ አይበላም» አለኝ።

ልጁ ልክ ነበር። ቆሮሶ በአብዛኛው የሚኖረው ውሃውን አረንጓዴ በሚያደርጉት ጥቃቅን አልጌዎች ነው። አፉ ትንሽ ነው፣ ለቀም እያደረገ ይበላል እንጂ አሳድዶ አይነክስም። እኔ ያጠናሁት አወራወር አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ሌላ ዓሣ እያሳደዱ ለሚይዙ አዳኝ ዓሦች የተበጀ ነው። የእኛ አገር አዳኝ ዓሣ ከተፈለገ አርባ ምንጭ፣ ጫሞ ሐይቅ ድረስ ወርዶ ነጩን ዓሣ፣ ናይል ፐርችን መፈለግ ነው፤ እዚያ ደግሞ አዞ አለ። ለቦሌ ሰው ቅዳሜ ጠዋት የሚደርስበት ዓሣ ቆሮሶ ነው። ስለዚህ ትምህርቱም ከቆሮሶ መጀመር አለበት።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን «እዚሁ ሰፈር ውሃ አለ አይደል?» ለሚል ሰው መልስ ልስጥ። አለ። ከእንጦጦ የሚነሣው ቀበና ቦሌን እየቆረጠ ይወርዳል፤ በምሥራቁ በኩል ያሉት ወንዞች ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ፣ እሱም ወደ አባ ሳሙኤል። እነዚህ ውሃዎች የከተማውን ፍሳሽ ሁሉ ተሸክመው የሚሄዱ ናቸውና ከእነሱ የወጣ ነገር ወደ አፍ አይሄድም። ለገዳዲም ለመጠጥ ውሃችን የተገደበ ስለሆነ ለመዝናኛ የሚታሰብ አይደለም። የአዲስ አበባ ምሥራቅ ነዋሪ ያለው ዕድል መንገዱ ነው። ከጎሮ ወደ ቱሉ ዲምቱ ወርዶ የአዳማውን የፍጥነት መንገድ ይዞ ቢሾፍቱ ላይ መውጣት ነው፤ ማለዳ ከተነሡ የመኪና መጨናነቅ የለም። ከከተማው ከፍታ ወደ አራት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ይባላል፣ አየሩም ውሃውም ሞቅ ይላል። ቆሮሶ ሙቀት የሚወድ ዓሣ ነው።

ቢሾፍቱ ሐይቆቿ ብዙ ናቸው፤ ለአጥማጅ ግን እኩል አይደሉም። አረንጓዴ ሐይቅ ውሃው ጨዋማና አልካላይን ስለሆነ ዓሣ የለበትም፤ ፍላሚንጎ ለማየት ነው የሚኬደው። ሆራ አርሰዲ የኢሬቻ ውሃ ነው፤ በዓሉ በሚከበርበት ሰሞን መንጠቆ ይዞ መሄድ አይገባም። ኩሪፍቱ ሰው ሠራሽ ነው። ባቦጋያና የቢሾፍቱ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተቆፈሩ፣ ዙሪያቸው ገደል የሆነ ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው፤ ባቦጋያ ከ60 ሜትር፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃሉ። የባቦጋያ ዳርቻ አብዛኛው በሎጅና በግል ግቢ ተይዟል። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ባለቤቱን ወይም ጥበቃውን አስፈቅዶ መግባት ያስፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሻይ ቡና ያዘዘ ሰው አይከለከልም።

አሁን ስለ ጥልቀቱ። እኔ ልጁ ከመከረኝ በኋላም ለሁለት ቅዳሜ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። ሐይቁ ጥልቅ ነው ብዬ ክሬ ላይ ከባድ እርሳስ አስሬ ወደ ታች እሰድ ነበር። ትልቁ ዓሣ ታች ነው ያለው፣ ብዬ። ልጁ ቡሹን ወደ መንጠቆው እየገፋ፣ «እዚህ፣ እዚህ» ይለኛል፤ ከአንድ ክንድ ብዙም የማይበልጥ። ለምን እንደሆነ አያውቅም፤ ግን እንደዚያ እንደሚያዝ ያውቃል።

ምክንያቱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ነው። እነዚህ ሐይቆች ገደሉ ከነፋስ ስለሚከልላቸው፣ ፀሐይ ያሞቀችው የላይኛው ውሃ ከቀዝቃዛው ከታችኛው ጋር አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል አይቀላቀልም። የላይኛው ቀለል ያለ ነው፣ የታችኛው ከበድ ያለ፤ ዘይትና ውሃ እንደሚለያዩ ማለት ነው። ከላይ የሚሞተው አልጌ ሁሉ ወደ ታች እየሰመጠ ሲበሰብስ የታችኛውን ውሃ ኦክስጅን ይጨርሳል። ስለዚህ ከስልሳው ሜትር ውስጥ ዓሣ የሚኖርባት የላይኛዋ ጥቂት ሜትር ብቻ ናት። ያ እርሳሴ ዓሣ መተንፈስ ወደማይችልበት ጨለማ ነበር የሚወርደው።

ከዚህ የሚቀጥለውን ነገር የቢሾፍቱ ሰዎች ሁሉ በዓይናቸው አይተውታል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ቀዝቃዛ ሌሊቶች የላይኛው ውሃ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፤ ነፋስ ሲጨመርበት ሐይቁ ይገለበጣል። ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውሃ ይወጣል፣ ዓሣውም ጠዋት ላይ አፉን ከውሃው በላይ እየከፈተ፣ ሲብስም ነጭ ሆዱን ገልብጦ ይታያል። እንዲህ በሆነበት ሰሞን ማጥመድ ትርጉም የለውም፤ የሞተውንም ሰብስቦ መብላት አደገኛ ነው። እኔ በዚያ ወቅት ቢሾፍቱን ትቼ ወደ ዝዋይ፣ ባቱ እወርዳለሁ። ዝዋይ ጥልቀት የሌለውና ነፋሻማ ሐይቅ ስለሆነ ውሃው ሁልጊዜ ይማሰላል። ግን ዝዋይ ውሃ ውስጥ እግርን ነክሮ መቆም አይገባም፤ ቢልሃርዚያ አለ።

ስለ ኢንተርኔት የምመክረው የመጣው ያኔ በዩቲዩብ አጥንቼ ባዶ እጄን ከቀረሁበት ገጠመኝ ነው። ኢንተርኔቱን አትናቁት፤ ግን «ዓሣ እንዴት ይጠመዳል» ብላችሁ አትጠይቁት፣ የሌላ አገር ዓሣ ይዞላችሁ ይመጣልና። የሐይቁን ስምና የዓሣውን ሳይንሳዊ ስም አንድ ላይ ጻፉ፤ ቆሮሶ ኦሪዮክሮሚስ ኒሎቲከስ ነው፣ አምባዛ ክላሪያስ ጋሪፒነስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ለማንም ክፍት ነው፤ በባቦጋያ፣ በዝዋይ፣ በላንጋኖና በቆቃ ላይ ተማሪዎች ለዓመታት ሐይቅ ዳር እያደሩ የሠሯቸው ጥናቶች አሉበት። የዓሣው ሆድ ተከፍቶ ምን እንደበላ ተቆጥሯል፣ በየትኛው ወር እንቁላል እንደሚይዝ ተመዝግቧል። ከዚህ የሚበልጥ የአጥማጅ መመሪያ የት ይገኛል? የኢትዮጵያ የዓሣና የውሃ ሳይንስ ማኅበርም የጉባኤ ጽሑፎቹን ያሳትማል። ከ30,000 በላይ የዓሣ ዝርያዎችን በነፃ የሚያሳየው ፊሽቤዝ የተባለው መዝገብ ደግሞ በእጃችሁ የያዛችሁትን ዓሣ ለመለየት ይረዳል። የሳተላይት ካርታ ገደሉ የት ጋ እንደሚዘቀዝቅ፣ የትኛው መንገድ ውሃው ድረስ እንደሚያደርስ አስቀድሞ ያሳያችኋል። እንግሊዝኛው የሚከብደው ሰው ቢያንስ ሠንጠረዦቹን ያንብብ፤ የወራቱ ስምና ቁጥሩ በቂ ናቸው።

እነዚያን ጥናቶች ሳነብ ያስደነቀኝ የቆሮሶ እናትነት ነው። ወንዱ ዳር ላይ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ አሸዋውን በአፉ እየቆፈረ እንደ ሳህን ክብ የሆነ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ መጥታ እንቁላሏን ትጥልና መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች። ከዚያ ሳትበላ በአፏ ታቅፈዋለች፤ ከተፈለፈሉም በኋላ ሥጋት ሲመጣ ልጆቿ ተሯሩጠው አፏ ውስጥ ይገባሉ። አፏ የሞላ እናት መንጠቆ ላይ ስትወጣ እንቁላሉን ትተፋዋለች፤ መልሰው ቢለቋትም ያ ጫጩት አለቀ። ዳር ላይ እነዚያን ክብ ክብ ጉድጓዶች ካያችሁ እባካችሁ ከዚያ ቦታ ተነሡ። ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ቢራባም የሚበረታበት ወራት አለው፤ ጥናቶቹን አንብቡ ያልኳችሁ አንዱ ለዚህ ነው።

ሕግም አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ይህን ሀብት ለመጠበቅ ነው፤ ክልሎችም የራሳቸው ደንብ ስላላቸው የአካባቢውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መሄድ ይሻላል። አስጋሪዎች በዚሁ ውሃ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ናቸው፤ መረባቸው በተዘረጋበት አካባቢ መንጠቆ አይወረወርም። አንዳንድ ወንዝ ዳር ደግሞ የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ መበተን የቆየ ልማድ ነው። የብርብራ መርዝ ዓሣው ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርገዋል፤ ትልቁም ትንሹም፣ የሚፈለገውም የማይፈለገውም ሰክሮ ይንሳፈፋል። ለመዝናናት የወጣ ሰው ይህን ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም።

ዕቃውን በአጭሩ ልናገር። ረጅም ሸምበቆ፣ ቀጭን የናይለን ክር፣ ትናንሽ መንጠቆዎች፣ ቡሽ፣ የምስር ፍሬ የምታህል እርሳስ፣ ለመንጠቆው ሊጥ ወይም የምድር ትል። ይኸው ነው። የዘመዴን ዘንግ አልጣልኩትም፤ ማጠንጠኛውን ለአምባዛ እጠቀምበታለሁ። አምባዛ ጺማም ነው፣ ቅርፊት የለውም፣ ከታች ተኝቶ ማታ ማታ ይወጣል፣ አየርም ከላይ መተንፈስ ይችላል። ለእሱ ትልቅ መንጠቆና የሥጋ ቁራጭ ነው። ቅርፊትና ክንፍ የሌለውን አንበላም የሚሉ ብዙ ክርስቲያኖች ስላሉ፣ አምባዛ ይዞ ወደ ቤት ከመግባት በፊት የቤቱን ሰው መጠየቅ ተገቢ ነው።

የባሌውን ሳልጠቅስ ብቀር ቅር ይለኛል። በዘንግና በሰው ሠራሽ ዝንብ የሚጠመድ ዓሣ እዚያ፣ በዲንሾ አካባቢ በዌብና በዳንካ ወንዞች አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣ ትራውት። ያ የብረት ዓሣ ሳጥኔ እዚያም ይሠራል። ከቦሌ ግን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የቅዳሜ ጠዋት ጉዳይ አይደለም።

የተያዘው ዓሣ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም። እርጥብ ጆንያ ውስጥ፣ ጥላ ሥር፤ ሆድ ዕቃው እዚያው ይውጣ። ቤት ሲደርስ ቅርፊቱን ከጅራት ወደ ራስ በቢላ ጀርባ መላግ፣ ጎኑን ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጎ ጨውና ሎሚ ማስያዝ፣ ዘይቱ በደንብ ሲግል መጣል። አዋዜ ከጎኑ። በጾም ቀን ልጆቼ ኩሽና በር ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

የመጀመሪያዬን ቆሮሶ ያወጣሁት ሐይቅ ዳር መውጣት ከጀመርኩ በአራተኛው ቅዳሜ ነው፤ ዘንጉን መኪና ውስጥ ትቼ፣ ልጁ በቆረጠልኝ ሸምበቆ። ቡሹ መጀመሪያ ነቀነቀ። ልስብ ስል ልጁ ክንዴን ያዘኝ። «አይጎትቱ ጋሼ፣ እየቀመሰ ነው።» ቡሹ ቆመ፣ እንደገና ነቀነቀ፣ ከዚያ ወደ ጎን ሸርተት አለና ጠለቀ። «አሁን!» አለ።