ለወንድሙ የጻፈው ደብዳቤ

አገር ርቆ የሄደ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ፣ «በሰላም ገብቻለሁ» የምትል አጭር መልእክት ልብ እንዴት እንደምታሳርፍ ታውቃላችሁ። አንቶኒ በርንስም የጻፈው እንዲህ ያለውን ነበር። በ1854 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ከቨርጂኒያ ግዛት በመርከብ ተደብቆ ቦስተን ገባ፤ ገና 19 ዓመቱ ነበር። በአንድ ልብስ መደብር ሥራ እንዳገኘ፣ በባርነት ለቀረው ወንድሙ ጻፈለት። ደብዳቤውን ለጥንቃቄ በካናዳ በኩል ላከው፤ ውስጡ ላይ ግን «ቦስተን» ብሎ ነበር። ደብዳቤው ጌታቸው ቻርልስ ሳትል እጅ ገባ።

በቦስተን ባርነት ከቀረ ቆይቷል። ሆኖም በ1850 የወጣው የፌዴራል ሕግ ያመለጠ ሰው የትም ይገኝ የት ለባለቤቱ እንዲመለስ ያዝ ነበር። ሜይ 24 ቀን በርንስን በስርቆት ሰበብ መንገድ ላይ ያዙት። ከሁለት ቀን በኋላ ጥቁርና ነጭ ሆነው የተሰባሰቡ ሰዎች የፍርድ ቤቱን በር በግንድ ሰበሩ። አንድ ጠባቂ ሞተ፤ በርንስ ግን አልወጣም።

በዚህ መሃል ሊዮናርድ ግራይምስ የተባሉት ጥቁር ፓስተር ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። ከሰው ሰው እየዞሩ፣ ሳትል የጠየቀውን 1,200 ዶላር ቅዳሜ ማታ ሞሉ። የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ግን ተቃወመ፤ ክርክሩ ሳያልቅ እኩለ ሌሊት ሆነና እሑድ ገባ። እሑድ ደግሞ መሸጥም መግዛትም ክልክል ነበር!

ጁን 2 ቀን በርንስ በወታደር ታጅቦ ወደ መርከብ ተወሰደ። 50,000 ያህል ሕዝብ መንገዱን ሞልቶ ነበር፤ ሕንፃዎች ጥቁር ጨርቅ ለብሰው ነበር። ሪችመንድ ላይ ለአራት ወራት በእስር ከቆየ በኋላ ለአንድ የሰሜን ካሮላይና ነጋዴ በ905 ዶላር ተሸጠ። እኔ በማርኬቲንግ ሥራዬ ዋጋ ሲወጣ ሲወርድ እውላለሁ፤ ይህን ቁጥር ሳነብ ግን ትንሽ ቆም ማለት ነበረብኝ።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አብዛኛው ወደ ኑሮው ሲመለስ፣ ግራይምስ አልተመለሱም። በርንስ ያለበት ሲታወቅ መዋጮውን እንደገና ጀመሩ። በዚያ ዘመን «ለሰው ሻጭ ገንዘብ መክፈል ንግዱን ማድለብ ነው» የሚሉ የባርነት ተቃዋሚዎች ነበሩ። ነገሩ ከባድ ነው፣ አልክድም። ግን ያን ክርክር የሚከራከረው ሰው እግሩ በሰንሰለት አልታሰረም፤ ስለዚህ እኔ ከፓስተሩ ጋር ነኝ። በ1855 መጀመሪያ 1,300 ዶላር ተከፍሎ በርንስ ነፃ ወጣ።

ኦሃዮ በሚገኘው ኦበርሊን ኮሌጅ ተማረ። ቀጥሎም በካናዳዋ ሴንት ካትሪንስ ከተማ እንደ እርሱ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሆነ። እዚያው እያገለገለ በ1862፣ በ28 ዓመቱ አረፈ።