መብራት ሲጠፋ ከሰል ቤት ውስጥ አያንድዱ፦ በብርድ ወራት የሚያጋጥም የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ

ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሰል፣ እንጨት፣ ቤንዚን ወይም ጋዝ ሲቃጠል የሚወጣ መርዛማ ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይንም አይቆጠቁጥም። በብርድ አገር አደጋው ከሚበረታባቸው ጊዜያት አንዱ በረዶ ወይም ነፋስ መብራት አጥፍቶ የቤቱ ማሞቂያ ሲቆም ነው።

በዲሴምበር 2006 በአሜሪካ ሲያትልና አካባቢው የተነሳ ከባድ ነፋስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን ያለ ኤሌክትሪክ አስቀረ። በቀጣዮቹ ቀናት ከመቶ በላይ ሰዎች በዚህ ጋዝ ተመርዘው ታከሙ፤ የሞቱም አሉ። ከተመረዙት ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱ ስደተኛ ቤተሰቦች ነበሩ። ሲያትል ታይምስ ጋዜጣ ሶማልኛን ጨምሮ በበርካታ ቋንቋዎች የፊት ገጽ ማስጠንቀቂያ እስከማውጣት ደረሰ። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በበረዶ መብራት ሲጠፋባት ደግሞ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስተው ለመሞቅ የሞከሩ ሰዎች ሞተዋል።

ፍሙ ለምን ያታልላል?

አገር ቤት ከሰል የሚቀጣጠለው ደጅ ነው። ጭሱ እስኪያልቅ ይርገበገባል፤ ፍም ሲሆን ለቡናው ወደ ቤት ይገባል። ይህ ልማድ ጭሱን ያስቀራል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይዱን አያስቀርም። ቀዩ ፍም ጋዙን ማውጣቱን ይቀጥላል። አገር ቤትም በከሰል ሰው ይሞታል፤ ግን በጣሪያውና በበሩ ስር ባለው ክፍተት አየር ስለሚገባ የሚተርፈው ብዙ ነው። የብርድ አገር አፓርታማ ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ የተደፈነ ነው። መስኮት ገርበብ ማድረግ አይበቃም፤ መታጠቢያ ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ ማንደድም መፍትሔ አይደለም።

ምልክቶቹ

ጋዙ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና ግራ መጋባት ይከተላሉ። ብዙ ሰው ጉንፋን ይመስለዋል። ነገር ግን ትኩሳት ከሌለ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ አብሮ ከታመመና ደጅ ሲወጣ የሚሻለው ከሆነ ጋዙን ይጠርጥሩ። የተኛ ሰው ምንም ሳይሰማው ሊሞት ይችላል። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያን፣ ለልብና ለሳንባ ሕመምተኞች አደጋው የከፋ ነው።

ቤት ውስጥ ያለው የጣት ኦክስጅን መለኪያ እዚህ ላይ አያገለግልም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን እንዳለው አድርጎ ስለሚያነብ 98 ወይም 99 ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ቁጥር አይረጋጉ።

ብርዱ ከመግባቱ በፊት

በባትሪ የሚሠራ ወይም መጠባበቂያ ባትሪ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም በየፎቁ፣ በተለይ መኝታ ቤት አጠገብ ይኑር። የጭስ አላርም ብቻ ከሆነ ይህን ጋዝ አይለይም። የሚከራዩ ከሆነ አከራይዎን ይጠይቁ፤ በብዙ ቦታ ማስገጠም የአከራዩ ግዴታ ነው።

መብራት ሲጠፋ ቤተሰቡ በአንድ ክፍል ይሰብሰብ፤ ልብስ ይደራርቡ፣ ብርድ ልብስ ይጠቀሙ። የጋዝ ምድጃን ለማሞቂያነት አይጠቀሙ። ጄኔሬተር ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭሱ ከበርና ከመስኮት ዞሮ ይቀመጥ። ቤቱ እየቀዘቀዘ ከሄደ ዘመድ ቤት ወይም የሕዝብ ማሞቂያ ጣቢያ መሄድ ይሻላል፤ በአሜሪካ አብዛኛው ቦታ 211 ደውሎ የቅርቡን መጠየቅ ይቻላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ ያለው ሕመምተኛ ካለ ደግሞ መጠባበቂያ ሲሊንደር እንዲሰጥዎ አቅራቢውን አስቀድመው ያነጋግሩ። ኢንሱሊን በረዶ እንዳይሆን መስኮት ዳር አያስቀምጡ።

ከተጠረጠረ

ሁሉንም ሰው ወዲያው ደጅ ያውጡ፤ ዕቃ ለመሰብሰብ አይዘግዩ። ከዚያ 911 ይደውሉ። እንግሊዝኛ የሚከብድዎ ከሆነ «አምሃሪክ» ካሉ አስተርጓሚ ይፈለግልዎታል። ወተት ማጠጣት ወይም ሎሚ ማሽተት ጋዙን ከደም አያወጣም፤ ሕክምናው ንጹህ ኦክስጅን ነው። ራስ ምታቱ ቢተውም ሐኪም ይይዎ፤ የማስታወስና የማሰብ ችግር ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። እሳት አደጋ ሠራተኞች አየሩን ለክተው እስኪፈቅዱ ድረስ ወደ ቤት አይመለሱ።