ጅብራ፦ ቀን ሐሩር፣ ሌት ውርጭ

ሰው ባለበት ደርቆ ሲቀር «እንደ ጅብራ ተገተረ» እንላለን። አብዛኞቻችን ግን ጅብራን በዐይናችን አላየነውም። ለማየት ከባሌ ጎባ ተነስቶ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ መውጣት ይበቃል። መንገዱ እየተጠማዘዘ የአስታውን ጫካ ካለፈ በኋላ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ሜዳው ድንገት ይዘረጋል። ሳነቴ የሚባለው ይህ ነው። ዛፍ የለም። ሣሩ አጭር፣ ቁጥቋጦው ከጉልበት የማያልፍ ነው። በዚያ መሐል ግን አናታቸው ላይ ረጃጅም ቅጠል የደረቡ፣ ሲያብቡ ከሰው ቁመት በእጥፍና ከዚያም በላይ የሚረዝሙ ወፋፍራም ተክሎች እዚህም እዚያም ተገትረዋል። ሁሉም ነገር አንገቱን በደፋበት አገር ይህ ተክል ምን ተማምኖ ነው ቀና ያለው?

መልሱ ያለው አየሩ ውስጥ ነው። ቦታው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ የቀንና የሌሊት ርዝማኔ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም፤ በታኅሣሥና በሰኔ ሙቀት መካከልም እንደ አውሮፓ የሰፋ ልዩነት የለም። ሰማይና ምድር የሚሆኑት ቀኑና ሌሊቱ ናቸው። በበጋው ወራት ሰማዩ ጥርት ሲል፣ መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሲመሽ ያለ ከልካይ ይለቀዋል። ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የተመዘገበበት ጊዜ አለ። ሲነጋ ደግሞ አየሩ ስስ ነውና ፀሐይዋ ትለበልባለች፤ ሌሊት መሬቱን ያነጣው አመዳይ ረፋዱ ላይ የለም፣ ጠዋት በካፖርት የተጀቦነ ሰውም ቀትር ላይ ሸሚዝ ይበቃዋል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ኦሎቭ ሄድበርግ የምሥራቅ አፍሪካን ተራሮች ሲያጠና ያስተዋለው ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ በአውሮፓ አንድ ዓመት የሚፈጀው የሙቀትና የብርድ ዙር እዚህ በ24 ሰዓት ያልቃል።

የአልፕስ ተራሮችም ይበርዳሉ፤ እንዲያውም ይብሳሉ። የእነሱ ብርድ ግን ቀጠሮ አለው፤ በዓመት አንዴ ይመጣል፣ ወራት ይቆያል፣ ይሄዳል። ስለዚህ የዚያ አገር ተክል አጥሮ መሬት ላይ ይለጠፋል፤ በረዶው እንደ ጋቢ ይደርብለታል፣ ከሥሩም ከውጩ አየር የተሻለ ሙቀት ያገኛል። ማርሞት የሚባለው አይጠ መጎጥ ደግሞ በሙቀቱ ወራት ስብ ያጠራቅምና ጉድጓዱን ደፍኖ ግማሽ ዓመት ያህል ይተኛል። ሳነቴ ላይ ይህ ብልሃት አይሠራም፤ ተኝተው የሚያሳልፉት ወቅት የለማ! በረዶ ቢጥል እንኳ ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል። የአንድን አገር ፍጥረት የሚቀርጸው የብርዱ መጠን ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስለዚህ ስህተት ነው። ብርዱ መቼ እንደሚመጣ፣ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስም ማየት ያስፈልጋል።

ወደ ጅብራው እንመለስ። ቅርንጫፍ የለውም። ቅጠሎቹ አናቱ ላይ ጥቅጥቅ ብለው ዙሪያውን ይደረደራሉ፤ መሐላቸው ላይ ለጋው እምቡጥ አለ። ተክሉ የሚያድገው ከዚያች አንዲት ነጥብ ስለሆነ እሷ በውርጭ ከተመታች ነገሩ አበቃ። ሲመሽ ታዲያ የውጭዎቹ ቅጠሎች ሽቅብ ይታጠፉና እምቡጡን ይከቡታል፤ ሲነጋ መልሰው ይዘረጋሉ። የኬንያ ተራራ ዘመዱ ሌላ ዘዴ አለው፤ በቅጠሎቹ መሐል ውሃ ያቁራል። የውሃው ገጽ ሌሊት ይጋገራል፣ ከሥሩ ያለው ግን ፈሳሽ እንደሆነ ስለሚያድር እምቡጡ ከውርጭ ይተርፋል። ቁመቱም ያለ ነገር አልመጣም። ጥርት ባለ ሌሊት እጅግ የሚቀዘቅዘው መሬት የነካው አየር ነው፤ አንድ ሁለት ሜትር ከፍ ያለ እምቡጥ ከዚያ ከክፉው ብርድ ያመልጣል።

ከሌሊቱ ይልቅ አደገኛው ጠዋቱ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ፀሐይዋ ቅጠሉን ስትመታው ቅጠሉ ውሃ ማትነን ይጀምራል፤ ግንዱ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ካደረ ግን ወደ ላይ የሚወጣለት የለም። ውሃ ሳይጠፋ በጥማት መሞት ማለት ነው። በአንዲስ ተራሮች የሚበቅለው ፍራይሌሆን የተባለ ተክል ለዚህ መላ አለው፤ የደረቁ ቅጠሎቹን አያረግፍም፣ ግንዱን ይጠቀልልባቸዋል። ተመራማሪዎች እነዚያን ደረቅ ቅጠሎች ቢገፏቸው ተክሎቹ ሞቱ።

ፍራይሌሆንን ያነሳሁት በምክንያት ነው። በፎቶግራፍ ያየ ሰው ከጅብራ ጋር ወንድማማች ናቸው ይላል፤ ወፍራም ግንድ፣ አናት ላይ የተሰበሰበ ቅጠል፣ ነፋስ የሚጋረፈው ሜዳ። በዘር ግን አይገናኙም፤ ፍራይሌሆን የሱፍና የኑግ ወገን ነው። በሃዋይ የሃሌአካላ ተራራ ላይ የሚበቅለው፣ ቅጠሉ በብርማ ፀጉር የተሸፈነው ተክልም የሱፍ ወገን ነው። የፔሩና የቦሊቪያው ፑያ ራይሞንዲ ደግሞ የአናናስ ዘመድ ነው፤ ብዙ አሥርት ዓመታት ቆይቶ እስከ 10 ሜትር የሚደርስ አበባ ያወጣና ይሞታል። የእኛውም ጅብራ፣ የሃዋዩም እንዲሁ አንዴ አብበው የሚሞቱ ናቸው። አብዛኞቹን ውቅያኖስ የለያቸው፣ የቅርብ ዘር የማያገናኛቸው ተክሎች ቀን ሐሩር ሌት ውርጭ የሆነ ተራራ ላይ ስለወጡ ብቻ አንድ መልክ ያዙ። የአየር ንብረት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማስረዳት በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ከሚሰቀለው ባለ ቀለም ካርታ ይልቅ እኔ ይህን እመርጣለሁ።

እንስሳቱም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። ከባሌ ውጭ የትም የማይገኝ ግዙፍ ፍልፈል አለ፤ ትልቁ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ሌሊቱን ጉድጓዱ ውስጥ ያሳልፍና ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ብቅ ይላል። ብዙም አይርቅም፤ ገላውን እኩል አውጥቶ በአፉ የደረሰበትን ሣር ይነጫል፣ ይዞ ወደ ኋላው ይገባል፣ ደግሞ ይወጣል። ዐይኖቹ ወደ አናቱ የተጠጉ ስለሆኑ ከጉድጓዱ ሳይወጣ ዙሪያውን ይቃኛል። የሚፈራው ቀይ ቀበሮን ነው። ዘመዶቹ የሆኑት የሌሎች አገሮች ተኩላዎች በአብዛኛው ጨለማን ይመርጣሉ፤ የእኛው ቀይ ቀበሮ ግን ፍልፈሉና አይጡ የሚወጡት ቀን ስለሆነ በጠራራ ፀሐይ ያድናል። በመንጋ ይኖራል፣ ለአደን ግን ብቻውን ይወጣል፤ ፍልፈል ለመያዝ ጓደኛ አያሻም። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ይኖራል።

ከሳነቴ ወደ ደቡብ ሲወርዱ አየሩ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይሞቃል። አስታው ይመለሳል፣ ቀርከሃው ይከተላል፣ የሐረና ጫካ ይጀምራል፣ ከዚያም የጫካ ቡና። ውርጭና ቡና በአንድ መንገድ ላይ፣ የጥቂት ሰዓት ጉዞ ናቸው። ምድር ስትሞቅ ይህ ሰልፍ ሁሉ ሽቅብ ይገፋል፤ ቡናው የሚወጣበት ዳገት አለው፣ ጅብራው ግን ቀድሞውኑ ጫፍ ላይ ነው። በባሌ ከፍተኛው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት የሙቀቱ ጭማሪ በዚሁ ከቀጠለ በ2080 ለጅብራ የሚስማማው መሬት ዛሬ ካለው 3.4 በመቶ ገደማ ብቻ ሊሆን ይችላል ብሎ ገምቷል።

ለመሄድ ያሰባችሁ በጥር፣ ከጎባ በማለዳ ተነሱና አመዳዩ ሳይጠፋ ድረሱ። ወፍራም ልብስ ያዙ። ቀበሮው መንገድ ያቋርጣልና መኪና አታብርሩ፤ ውሻም ይዛችሁ አትውጡ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች እየተላለፈ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል።