ጦር ካለፈ በኋላ የአፈር ሕመም

ጦርነት ባለቀ ጊዜ ሰው ሙታኑን ቀብሮ፥ የፈረሰ ቤቱን ጠግኖ፥ ልጆቹን ለመመገብ ወደ እርሻው ይመለሳል። ነገር ግን የመሬት ቍስል እንደ ሰው ቍስል ለዓይን የሚገለጽ አይደለም። ሣር የለበሰች እንደ ሆነ ዳነች ተብላ ትታሰባለች፤ በውስጧ ግን መርዝ ተሰውሮ ሊኖር ይችላል።

ለዚህም የፈረንሳይ አገር ምስክር ነው። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916 ዓመት ፈረንሳዮችና ጀርመኖች በቨርደን ከተማ አጠገብ 300 ቀን ያህል ተዋጉ። መድፉ ዘጠኝ መንደሮችን ደመሰሰ፤ ለሙንም አፈር ከሥሩ ካለው ከኖራ ድንጋይ ጋር ደባለቀው። ከጦርነቱም በኋላ መንግሥት የተጎዳውን አገር አስመርምሮ፥ ለእርሻ አይመለስም የተባለውን «ቀይ ክልል» ብሎ ለየው፤ ከዚያም በብዙው ላይ ዛፍ ተተከለበት። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች እስከ ዛሬ ድረስ ሲያርሱ ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ያወጣሉ፤ ይህንንም «የብረት መከር» ይሉታል።

ከዚህም የሚብስ አለ። በ1920ዎቹ ዓመታት ከጦርነቱ የተረፉ 200,000 ያህል የመርዝ ጥይቶች በቨርደን አጠገብ በሚገኝ ዱር ተቃጠሉ። ጢሱ በነፋስ ተበተነ፤ በጥይቶቹ ውስጥ የነበረው አርሴኒክ ግን በእሳት የማይጠፋ ስለ ሆነ በአፈሩ ቀረ። በ2007 ዓመት ምርመራቸውን ያሳተሙ ሊቃውንት በአንዳንዱ ስፍራ ከአፈሩ ክብደት ከመቶ 17 እጅ የሚያህል አርሴኒክ አገኙ። መርዙን ከሚችሉ ጥቂት ዕፀዋት በቀር በዚያ የሚበቅል አልነበረም።

እንግዲህ የአፈር ጤና የሚመረመረው እንዲህ ነው። አስቀድሞ የመሬቱ ታሪክ ይጠየቃል፤ መድፍ የት ተተክሎ እንደ ነበረ፥ ጥይት የት እንደ ተከማቸና እንደ ተቃጠለ ከካርታ፥ ከመዝገብና ከሽማግሌዎች ቃል ይሰበሰባል። ቀጥሎ ሥራውን የተማሩ ሰዎች ያልፈነዳውን ጥይት ያነሣሉ። ከዚያም ከብዙ ስፍራና ከልዩ ልዩ ጥልቀት አፈር ተወስዶ ጦር ካልደረሰበት ከጎረቤት አፈር ጋር ይመዛዘናል፤ አርሴኒክና እርሳስ በተፈጥሮም በጥቂቱ በአፈር ይገኛሉና፥ ያለዚህ ማመዛዘን የጦሩ ጉዳት ተለይቶ አይታወቅም። በመጨረሻም የጕድጓዱ ውኃ፥ እህሉና የላሙ ወተት ይመረመራል።

ይህ ነገር የወታደርና የሊቅ ጕዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር ወደ ጓዳው ይመልከት። በውኃ የተሟሟ አርሴኒክ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ እናት ቀምሳ ልታውቀው አትችልም። በደጅ የሚጫወት ሕፃንም አፈር የነካ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል።

ከስደት የተመለሰውን፥ ዘሩን በእጁ ይዞ የቆመውን የተራበ ገበሬ «ጥቂት ቆይ» ማለት ጭንቅ ነው። ስለዚህ ቆይ የሚለው ሹም እስከ ምርመራው ፍጻሜ ድረስ ቀለቡን ሊያስብለት ይገባል። አለዚያ ገበሬው ሳይመረመር ይዘራል፤ አባቶች የተዋጉበትንም ዕዳ ልጆች በእንጀራቸው ይከፍሉታል።