የፍሪሲዮን ሸራና የካርቦን ነገር

ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ የሚነሣ ከባድ መኪና ጕዞውን የሚጀምረው ከባሕር ጠረፍ ነው። መተሐራ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ 950 ሜትር ገደማ ወጥቷል። ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ አዳማ ሲገባ ከፍታው 1,600 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ጭነቱ አዲስ አበባ የሚራገፍ ከሆነ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ መውጣት አለበት። በሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ ተራ ሲጠብቅ ጥቂት ይነቃነቅና ይቆማል፤ እንደ ገና ጥቂት ይነቃነቅና ይቆማል። በመቂና በባቱ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚጭኑት መለስተኛ መኪናዎችም ከአሸዋማው የእርሻ መንገድ ወደ አስፋልቱ የሚወጡት በግማሽ ፍሪሲዮን እየታገሉ ነው። እንግዲህ በአዳማና በሻሸመኔ የመለዋወጫ ሱቆች የፍሪሲዮን ሸራ ፈላጊ የማያጣው ስለዚህ ነው።

ፍሪሲዮን የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የተወረሰ ሲሆን ትርጕሙ መፋተግ ማለት ነው፤ ሥራውም እንደ ስሙ ነው። ሞተሩ የሚያሽከረክረው ቮላኖ በአንድ ወገን፥ ወደ ካምቢዮው የሚገባው ዘንግ በሌላ ወገን ሆነው በመካከላቸው ሸራ የለበሰው ዲስክ ይገባል። ሹፌሩ እግሩን ከፔዳሉ ላይ ሲያነሣ ዲስኩ ተጨምቆ ይያዝና ኃይሉ ወደ ጎማ ይተላለፋል። ሙሉ በሙሉ እስኪያዝ ድረስ ግን ለጥቂት ጊዜ ይንሸራተታል፤ ሙቀት የሚፈጠረውም በዚያች ጥቂት ጊዜ ነው። ሹፌሩ እግሩን በፔዳሉ ላይ አሳርፎ ዳገት የሚወጣ ከሆነ ጥቂቱ ጊዜ ይረዝማል። በተለመደው ሸራ ውስጥ ያለው ሙጫ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ መበላሸት ይጀምራል፤ በጋራዡ «ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ» የሚባለው ሽታ የዚህ ሙጫ ሽታ ነው።

የጥንቶቹ ኦቶሞቢሎች ፍሪሲዮን ቆዳ የለበሰ ነበር። ኸርበርት ፍሩድ የተባለ እንግሊዛዊ በኮረብታማ አገር የጋሪ ነጂዎች አሮጌ ጫማ በፍሬናቸው ላይ ሲመቱ ተመልክቶ ከዚህ የተሻለ ነገር መፈለግ ጀመረ ይባላል። በ1897 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ያቋቋመው ሥራ የስሙን ፊደላት በማዛወር «ፌሮዶ» የተባለ ሲሆን፥ ስሙን ብዙ የመለዋወጫ ነጋዴ ያውቀዋል። ፍሩድ በመጀመሪያ የተጠቀመው የተሸመነ ጥጥ ነበር፤ ሙቀት ሲያሸንፈው ወደ አስቤስቶስ ዞረ። ስለዚህ የእኛ አገር መካኒክ ይህን ነገር «ሸራ» ማለቱ ከብዙ መሐንዲሶች አጠራር ይልቅ የተገባ ነው።

አስቤስቶስ ሙቀትን ቢችልም ብናኙ በሳንባ ውስጥ ቀርቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2005 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጀምሮ ከልክለውታል። በርካሽ የሚቀርብ ሸራ ከምን እንደ ተሠራ በጽሑፍ ካልተገለጸ፥ አስመጪው «አስቤስቶስ የሌለበት» የሚል ማረጋገጫ መጠየቅ አለበት። ጕዳቱ የሚያገኘው ገዢውን ብቻ አይደለም፤ አሮጌውን ዲስክ ፈትቶ ብናኙን በኮምፕሬሰር የሚነፋውን የጋራዥ ልጅ አስቀድሞ ይጐዳል። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ነው።

ዛሬ በካርቶኑ ላይ «ካርቦን» የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ስለ ሆነ ነጋዴው የቃሉን ፍች ለይቶ ማወቅ ያስፈልገዋል። እውነተኛው የካርቦን ዲስክ ከካርቦን ክር ተሸምኖ፥ አየር በሌለበት ምድጃ ከ1,000 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት እየተጋገረ፥ ለሳምንታትና ለወራት የሚሠራ ነው። የዋጋው መናር ምክንያትም ይኸው ነው። በኢትዮጵያ ይህ ነገር በርግጥ የሚገኝበት ቦታ ቦሌ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 በካርቦን ፍሬን የሚቆም ነው። ለአውሮፕላንና ለእሽቅድምድም መኪና የሚስማማ ሁሉ ግን ለጭነት መኪና አይስማማም። ካርቦን በቀዝቃዛነቱ አያያዙ ደካማ ነው፤ ሲግል ይጠነክራል። በጠዋት ቀዝቃዛ መኪና አስነሥቶ ጭነት የሚጐትት ሹፌር የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው።

ብዙ ጊዜ «ካርቦን» ተብሎ የሚሸጠው በሙጫ የተጋገረ ሸራ ሆኖ ጥቂት የካርቦን ክር ወይም ግራፋይት የተጨመረበት ነው፤ አንዳንዱም ጥቁር ቀለም ብቻ ነው። ጥቁርነት ማስረጃ አይሆንም፤ የከሰልም መልክ ጥቁር ነው። ለከባድ ጭነት የሚመረጠው መዳብና ብረት ያለበት፥ በተለምዶ ሴራሚክ የሚባለው ባለ ቁራጭ ዲስክ ሲሆን፥ ሙቀትን በሚገባ ይችላል፤ አያያዙ ግን ድንገተኛ ስለ ሆነ መኪናውን ያንቀጠቅጣል፥ ቮላኖውንም ይበላል። ይህን ሳይነግር የሸጠ ባለሱቅ ደንበኛው ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ቢጣላው ሊደነቅ አይገባውም።

ካርቦን በመኪና ላይ እውነተኛ ጥቅም ያሳየው በዘይት ውስጥ በሚሠራበት ቦታ ነው። በአንዳንድ ከባድ መኪናዎች ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ ሲቀየር ፍጥነትን የሚያስተካክሉት ቀለበቶች፥ እንዲሁም በአውቶማቲክ ካምቢዮ ያሉ አንዳንድ ዲስኮች የካርቦን ሽፋን አላቸው። ሽፋኑ ዘይቱን በቀዳዳዎቹ ይዞ ሙቀቱን ያስወግዳል፥ ቶሎም አይበላም። ነገር ግን ፋብሪካው ካዘዘው ዘይት የተለየ ሲገባበት አያያዙ ይለወጣል፤ ማርሹም ይከብዳል። በመሆኑም የካምቢዮ ዘይት የሚሸጥ ሰው «ሁሉም ዘይት አንድ ነው» ማለትን መተው አለበት።

ስለ ገበያው ስንመለከት፥ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በውጭ ገንዘብ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ንሯል፤ ርካሹና አስመሳዩ ሸራ የሚያጓጓው በዚህ ጊዜ ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ፍሪሲዮን የለውም። ስለዚህ የትንንሽ አውቶሞቢሎችን ዲስክ ለብዙ ዓመት የሚበቃ አድርጎ ማከማቸት ገንዘብን ማሰር ነው፤ በመንገድ ላይ ያሉት አሮጌዎቹ እስኪያልቁ ግን ፈላጊ አይጠፋም። የጭነት መኪናው ዲስክ ሌላ ሒሳብ ነው። እርሱን ለማዘዝ የሚፈልግ ነጋዴ በካርቶን ሥዕል ሳይታለል የዲስኩን ስፋት በሚሊ ሜትር፥ የመካከሉን ጥርስ ቍጥርና የሸራውን ዓይነት በትእዛዙ ላይ ይጻፍ፤ ሙሉውን ጭነት ከመግዛቱም በፊት አንድ ዲስክ አስመጥቶ ከአዳማ እስከ መተሐራ ደርሶ በሚመለስ መኪና ላይ ይፈትነው።